የጎረቤት ድምፅ በየት ይገባል፣ ከየትስ ይቆማል?

በጋራ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ሰው የጎረቤት ድምፅ ሲያስመርረው መጀመሪያ የሚያስበው ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ስለ መለጠፍ ነው። ስፖንጅ ይገዛል፣ ወፍራም መጋረጃ ይሰቅላል፣ ሰው ከመከረውም የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን እስከ መደርደር ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ድምፁ እንደነበረ ሲያገኘው ወይ ጎረቤቱን ይጠላል፣ ወይ ቤቱን። እኔ ከላይም ከታችም ከጎንም ጎረቤት ባለበት ፎቅ ላይ ስለምኖር ጉዳዩን ከሌላው ሰው ጠለቅ ብዬ ለማወቅ ተገድጃለሁ። የደረስሁበትም አቋም ይህ ነው፦ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ድምፁ የሚመጣበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ መንገዱ ሲታወቅ ደግሞ ርካሹና ውጤታማው መፍትሔ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ድምፁ በማያስቸግረው ሰው ቤት ውስጥ ነው። ይህ ለተቸገረው ሰው ደስ የሚያሰኝ ዜና እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ከጎረቤት የሚመጣ ድምፅ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በአየር የሚጓዘው ነው፤ ንግግር፣ ቴሌቪዥን፣ የሕፃን ልቅሶና የውሻ ጩኸት ከዚህ ወገን ናቸው። ይህ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል እየተጓዘ ግድግዳውን ይገፋዋል፤ ግድግዳው ዐይን በማያየው መጠን ይርገበገባል፤ መርገብገቡም በማዶ ያለውን አየር ያናውጥና ድምፁ እኛ ክፍል ውስጥ እንደገና ይወለዳል። ሁለተኛው በምት የሚፈጠረው ድምፅ ነው፤ ርምጃ፣ የሚጎተት ወንበር፣ ወለል ላይ የወደቀ ዕቃ፣ ተወርውሮ የሚዘጋ በር የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። እዚህ ላይ ጉልበቱ በአየር በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ኮንክሪቱ ይገባል። ኮንክሪት ውስጥ ድምፅ ከአየር ይልቅ አሥር እጥፍ ገደማ ይፈጥናል፣ በመንገዱም ላይ ብዙ አይዳከምም፤ ከወለሉ ወደ ዓምዱ፣ ከዓምዱ ወደ ሌላው ፎቅ ግድግዳ ይሻገራል። ሦስት ፎቅ ርቆ ግድግዳ ሲሰረሰር እጎናችን የሚሰረሰር የሚመስለን ስለዚህ ነው።

ሁለቱን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። የጎረቤትን ንግግር ቃል በቃል መለየት ከቻልን ድምፁ በአንድ ክፍተት በኩል እየሾለከ መሆኑን መጠርጠር ይገባል፤ ምክንያቱም ቃልን ከቃል የሚለዩት ቀጫጭን ድምፆች ደህና ግድግዳ በቀላሉ የሚያግዳቸው ናቸው። የሚሰማን ፍሬ ነገሩ የማይለይ ጉምጉምታ ብቻ ከሆነ ግን ያለፈው በግድግዳው አካል በራሱ ነው። ጎረቤት ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ ሬዲዮ በአንድ መጠን ከፍቶ እንዲተወው ጠይቆ፣ በራስ ቤት ጆሮን ወደ ሶኬቱ፣ ወደ በሩ ግርጌ፣ ቧንቧ ወደሚገባበት ጥግ፣ ወደ ኮርኒሱ ጠርዝ እያስጠጉ መዞር ነው። በስልክ ላይ የሚጫኑት የድምፅ መለኪያ መተግበሪያዎች የሚሰጡት ቁጥር በፍጹምነቱ አይታመንም፤ ነገር ግን በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ ከሥራ በፊትና በኋላ ለማነጻጸር ይበቃሉ። ጆሮም ቢሆን በአቅጣጫ በኩል ያታልላል። ሕንፃው ራሱ ድምፁን ስለሚያዞረው ከላይ የመጣ የመሰለን ኳኳታ ከታች ወይም ከአግድም ቤት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሳያረጋግጡ የላይኛውን ጎረቤት በር ማንኳኳት ያሳፍራል።

ስፖንጅን በተመለከተ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሰዎች ገንዘባቸውን በብዛት የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነውና። ድምፅን መምጠጥና ድምፅን ማገድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ዋላስ ሳቢን የተባለው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር እ.ኤ.አ. በ1895 ንግግር የማይሰማበትን አንድ የማስተማሪያ አዳራሽ እንዲያስተካክል ተጠይቆ፣ ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ በሌሊት እያስመጣ፣ ድምፁ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ በሰዓት እየለካ፣ የክፍል ድምፅ ጥናትን መሠረት ጣለ። ትራሶቹ ያደረጉት በዚያው ክፍል ውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ መቀነስ ነው። በግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ስፖንጅም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በገዛ ክፍላችን ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳል፣ ከማዶ የሚመጣውን ግን አያቆምም። ምክንያቱ ክብደቱ ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ በካሬ ሜትር ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአርማታ ሶሌታ ግን በካሬ ሜትር 360 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በዚህ ላይ ሁለት ኪሎ ቢጨመር ለድምፁ ምኑም አይደለም።

በአየር የሚጓዝ ድምፅን የሚያግደው በመጀመሪያ ክብደት ነው። የአንድ ወጥ ግድግዳ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር የሚያግደው ድምፅ በአምስት ወይም በስድስት ዴሲቤል ይጨምራል። ዴሲቤል የሚባለው የድምፅ መለኪያ እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ ተደምሮ የሚቆጠር አይደለም፦ አሥር ዴሲቤል ሲቀንስ የድምፁ ጉልበት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፣ ጆሯችን ግን በግማሽ የቀነሰ ያህል ብቻ ነው የሚሰማው። ስለዚህ የሁለትና የሦስት ዴሲቤል ለውጥ የሚያመጣ ዕቃ በማስታወቂያው ላይ የቱንም ያህል ቢሞገስ፣ ኑሮን አይለውጥም። ወፍራም ድምፆች ከቀጫጭኖቹ ይልቅ በቀላሉ ያልፋሉ፤ የሙዚቃው ዜማ ሳይሰማ ባሱ ብቻ ድም ድም እያለ ሌሊቱን የሚያነጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ክብደት ቢኖርም ክፍተት ካለ ዋጋ የለውም። ድምፅ እንደ ውሃ ነው፤ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ የግድቡ ውፍረት አያስጨንቀውም። ስሌቱን አንድ ጊዜ ቢሠሩት አይረሳም። ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሆነ በር ከግርጌው የአንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ቢኖረው፣ ክፍተቱ ከበሩ ጠቅላላ ስፋት የአንድ መቶኛ ግማሽ ብቻ ነው። ሆኖም በዚያ ክፍተት ምክንያት በሩ ከ23 ዴሲቤል በላይ ሊያግድ አይችልም፤ ከእንጨትም ይሠራ ከብረት፣ ባዶም ይሁን ድፍን፣ ያው ነው። አንድ መቶኛ የሚሆን ክፍተት ያለበት ግድግዳም 50 ዴሲቤል ለማገድ ቢሠራ እንኳ 20 ላይ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ድምፅ ያስቸገረው ሰው መጀመሪያ መግዛት ያለበት ዕቃ አንድ ቱቦ ሲሊኮን ነው እላለሁ፤ እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ ደርቆ የማይሰነጠቀውን ዐይነት።

የሚደፈነውም ይህ ነው፦ ቧንቧ ግድግዳ የሚበሳበት ዙሪያ፣ ግድግዳውና ሶሌታው የሚገናኙበት መስመር፣ ከዞኮሎው ጀርባ ያለው ክፍተት፣ የመስኮትና የበር መቃን ዙሪያ። ሶኬት የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ብዙ ሕንፃዎች ላይ የሁለት ቤቶች ሶኬቶች በአንድ ግድግዳ ላይ ጀርባ ለጀርባ ይገጠማሉ፤ ክዳኑን ሲፈቱት በመካከላቸው ያለው ብሎኬት ተፈልፍሎ አልቆ፣ አንዳንዴም የጎረቤት ሳጥን ጀርባ ይታያል። እዚያ ቦታ ላይ ግድግዳ የለም ማለት ይቻላል። ይህን ኤሌክትሪክ ከዋናው ቆጣሪ ላይ አስጠፍቶ በባለሙያ ማስደፈን ተገቢ ነው። ያልተለሰነ ብሎኬትም እንዲሁ ወንፊት ነው፤ አካሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሞሉበት ስለሆነ ድምፅ ያሾልካል፤ ቢያንስ በአንድ ወገን በደንብ ሲለሰን ግን የሚያግደው ድምፅ በግልጽ ይጨምራል። ልስኑ ከኮርኒስ በታች ብቻ ተለስኖ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ብሎኬት ራቁቱን የተተወበት ቤት ብዙ ነው። ሠራተኛው የማይታየውን ቦታ ለምን ይለስናል? ድምፁ ግን ያንን ቦታ አይስተውም።

ክፍተቶቹ ተደፍነው ድምፁ ካልቀነሰ በራስ ወገን ሁለተኛ ግድግዳ መሥራት ይታሰባል። ሁለተኛው ግድግዳ የሚሠራው ከዋናው ጋር ሳይነካካ ለብቻው ሲቆም ነው፤ የራሱ የብረት ቋሚ፣ በመካከሉ የአየር ክፍተት፣ በክፍተቱ ውስጥ የድንጋይ ወይም የመስታወት ሱፍ፣ በላዩ ሁለት ተደራራቢ ጂፕሰም ቦርድ፣ ጠርዙ ሁሉ በሲሊኮን የታሸገ መሆን አለበት። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ በቀጭን ጣውላ ላይ አንድ ጂፕሰም ቦርድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል አርቆ መምታት ግን አንዳንዴ ነገሩን ያባብሰዋል። ቦርዱና በመካከል የታሰረው አየር አብረው የሚርገበገቡበት የራሳቸው ድምፅ አላቸው፤ በካሬ ሜትር ዘጠኝ ኪሎ ለሚመዝን አንድ ቦርድ በዚህ ርቀት ላይ ያ ድምፅ 125 ኸርዝ (በሰከንድ 125 ጊዜ መርገብገብ) አካባቢ ይውላል፤ ይኸውም የወንድ ድምፅና የሙዚቃ ባስ ከሚገኙበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። በዚያ ድምፅ ላይ አዲሱ ግድግዳ ከማገድ ይልቅ ያግዛል። ቦርዱ ሁለት፣ ክፍተቱ አሥር ሳንቲ ሜትር ሲሆን ግን ወደ 45 ኸርዝ ይወርዳል፣ ከዕለት ተዕለት ድምፆች አብዛኞቹም ከአደጋ ይወጣሉ። እንዲህ ያለው ሥራ ከክፍሉ ላይ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበላል። ከዚያ ሁሉ በኋላም ድምፁ በጎን በኩል፣ በሶሌታውና በሌሎቹ ግድግዳዎች ዞሮ ሊገባ ስለሚችል፣ ባለሙያ ሳያዩት የሚገቡበት ወጪ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ምት ድምፅ ልምጣ፤ በፎቅ ቤቶች ውስጥ አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው። ባለሙያዎች ወለልን የሚፈትሹበት አንድ መሣሪያ አለ፦ እያንዳንዳቸው 500 ግራም የሚመዝኑ አምስት መዶሻዎች በተርታ ተደርድረው፣ ከአራት ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቁ ወለሉን በሰከንድ አሥር ጊዜ ይመታሉ፤ ከታች ባለው ክፍል የሚሰማው ይለካል። ልብ በሉ፣ ግማሽ ኪሎ ከአራት ሳንቲ ሜትር ላይ ሲወድቅ ነው፤ በባዶ እግሩ ተረከዙን እየጣለ የሚራመድ ሰው ወይም ከአልጋ ላይ የሚዘል ሕፃን ከዚህ በላይ ክብደት ያሳርፋል። የሶሌታ ክብደት በአየር የሚመጣውን ድምፅ ደህና አድርጎ ያግዳል፤ በባዶ ሴራሚክ ላይ የሚያርፍን ምት ግን ክብደቱ ብቻውን አይገታውም፤ ጠንካራ ነገር ጠንካራውን ሲመታ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባልና።

ስለዚህ የሚያስፈልገው በመቺው ነገርና በተመቺው ወለል መካከል ለስላሳ ነገር ማስገባት ነው። የወንበር እግርን እንመልከት። ወንበር ሲጎተት የእግሩ ጫፍ በሴራሚኩ ላይ በአንድ ጊዜ አይንሸራተትም፤ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይህንንም በሰከንድ ብዙ ጊዜ ስለሚያደርግ ከታች ላለው ሰው እንደ ከብት ግሳት ሆኖ ይሰማዋል። ከእግሩ ሥር የሚለጠፍ የሳንቲም ስፋት ያለው ቁራጭ ፈልት፣ ማለትም ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ፣ ይህንን ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል። ሰውዬው ግን ፈልቱን እንዲለጥፍ የሚያነሣሣው ነገር የለም፤ ላይ ሆኖ ሲሰማው ድምፁ ያን ያህል አይደለም። ከታች ያለው ደግሞ ኮርኒሱን አፍርሶ በላስቲክ መስቀያ ቢያንጠለጥል እንኳ ምቱ በግድግዳው ወርዶ ይመጣበታል። ቁራጭ ጨርቅ ከላይ የሚሠራውን ሙሉ ኮርኒስ ከታች አይሠራውም።

ምንጣፍም እንደዚሁ ነው፤ ከሥሩ የጎማ ወይም የፈልት ንጣፍ ሲገባበት ደግሞ ይበልጣል። ይሁንና ምንጣፍ የሚያጠፋው ኳኳታውን፣ ማለትም የጫማ ተረከዝንና የወደቀ ማንኪያን ድምፅ ነው፤ የተረከዝ ድብደባ የሚያወጣውን ወፍራም ድምፅ በጥቂቱ ብቻ ይቀንሰዋል። እርሱን የሚለውጠው ለስላሳ የቤት ጫማና የአረማመድ ልማድ፣ ከዚያም የወለሉ አሠራር ነው። ከሥሩ ለስላሳ ንጣፍ ያለበት ሊሾ ዋናው መፍትሔ ሲሆን፣ ሊሾው በዙሪያው ግድግዳውን እንዳይነካ በጠርዙ የፎም ቀበቶ ይዞራል። አናጢው ወይም ግንበኛው ይህን ቀበቶ ቆርጦ ጥሎ ክፍተቱን በሴራሚክ ማጣበቂያ ከሞላው፣ ሥራው ሁሉ በዚያች አንድ መስመር ምክንያት ይበላሻል።

ስለ ማሽኖች ረጅም ነገር አያስፈልግም። የልብስ ማጠቢያ ማሽን እግሮቹ እኩል ተስተካክለው በወፍራም ጎማ ላይ ይቀመጥ፣ ከጎረቤት ግድግዳ ይራቅ፣ በሌሊት አይጨምቅ። ስፒከር ወለል ላይ ወይም የጋራ ግድግዳ ላይ አይቀመጥ፤ ባሱን ከቅንብሩ ላይ ዝቅ ማድረግ ድምፁን በአጠቃላይ ከመቀነስ የበለጠ ለጎረቤት ይጠቅማል፣ አድማጩንም ያን ያህል አይጎዳውም። የቧንቧ ማሰሪያ ከሥሩ ጎማ ካልገባበት የውሃውን ጩኸት ለግድግዳው ያስተላልፋል።

በሕግ በኩል አንዳንድ አገሮች ቁጥር አስቀምጠዋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚሠራበት የግንባታ መመሪያ አዳዲስ ቤቶችን የሚለየው ግድግዳና ወለል ቢያንስ 45 ዴሲቤል እንዲያግድ፣ የምት ድምፅም ከታች ሲለካ ከ62 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ያዛል። በአሜሪካ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የግንባታ ደንብ ደግሞ ለአየር ድምፅም ለምት ድምፅም 50 የሚል መመዘኛ አለው፤ የእነርሱ የምት መለኪያ ግን ቁጥሩ ከፍ ሲል የተሻለ ነው የሚባል ስለሆነ ከእንግሊዙ ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። ቤት የሚገዛ ሰው «ደረጃውን ያሟላል» ሲባል ማስታወስ ያለበት፣ የአሜሪካው የአየር ድምፅ ምዘና ከ125 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ጨርሶ የማይቆጥር መሆኑን ነው። ባሱ የሚገኘው ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ በታች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለመኝታ ክፍል በአማካይ 30 ዴሲቤል፣ ለአንድ አፍታ ለሚመጣ ድምፅ ደግሞ 45 ዴሲቤል ወሰን አድርጎ አስቀምጧል።

ጸጥታ ራሱ የሚያመጣው ችግርም አለ። የጎረቤት ሳል የሚሰማው ክፍላችን በጣም ጸጥ ሲል ነው፤ ባለ ሁለት መስታወት መስኮት አስገጥመው የመንገዱን ጫጫታ ያስቀሩ ሰዎች ጎረቤታቸው በድንገት ጯሂ የሆነ የሚመስላቸው በዚህ ምክንያት ነው። የአየር ማራገቢያ ወይም ሌላ ወጥ የሆነ ለስላሳ ድምፅ በሌሊት መክፈት ንግግርን ይሸፍናል። ምትንና ባስን ግን አይሸፍንም፤ ለእነርሱ የጆሮ መድፈኛም ቢሆን ግማሽ መፍትሔ ነው።

እንግዲህ የቀረው ጎረቤትን ማነጋገር ነው፤ ከላይ የዘረዘርሁት ሁሉ ወደዚህ የሚያመራ ነበር። «ትረብሹናላችሁ» ማለት ምንም አያስገኝም፤ ሰውዬው ምን አድርጎ እንደሚረብሽ አያውቅምና እንደ ስድብ ይወስደዋል። ድምፁ የትኛው እንደሆነ፣ ከየትኛው ክፍል በላይ እንደሚሰማና በስንት ሰዓት እንደሚበረታ ለይቶ ማቅረብ ግን መፍትሔውን አብሮ ያቀርባል። «እትዬ፣ ማታ ከአምስት ሰዓት በኋላ ከልጆቹ መኝታ በላይ ወንበር ሲሳብ ይሰማናል፤ እርስዎ ሊያውቁት አይችሉም፣ ላይ ሆነው አይሰማም። ከእግሩ ሥር የሚለጠፍ ይዤ መጥቻለሁ፣ ቢፈቅዱልኝ እኔው ልለጥፈው» ተብሎ የሚቆጣ ሰው ብዙ አላየሁም። ዕቃውን ተቸጋሪው መግዛቱ ፍትሐዊ አይደለም የሚል ይኖራል፤ ትክክል ነው፣ ነገር ግን የፈልቱ ዋጋ ከኮርኒሱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ስለ ፍትሕ መከራከሩ ያከስራል። ከተቻለ ጎረቤትን ወደ ቤት ጋብዞ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ላይ ቤት እንደ ወትሮው እንዲራመድ አድርጎ ማሰማት ከማንኛውም ማስረዳት ይበልጣል። ራሳችንም የአንድ ሰው ላይኛ ጎረቤት መሆናችንን አንርሳ፤ ታች ቤት ወርዶ መጠየቅም ያው አንድ ደረጃ ነው።

የምት ድምፅን ለማስተካከል ትልቁ ዕድል የሚገኘው የላይኛው ቤት ወለል ሲቀየር ነው። አሮጌው ሴራሚክ ተነሥቶ አዲሱ እስኪገባ ድረስ ባሉት ጥቂት ቀናት ከሥሩ ለስላሳ ንጣፍ ማስገባት ቀላል ጭማሪ ነው፤ ወለሉ ከተዘጋ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት አይነካም። ስለዚህ ላይኛው ጎረቤት ሴራሚክ እያስመረጠ መሆኑን የሰማ ሰው በዚያው ቀን ደረጃውን ወጥቶ ስለ ንጣፉና በጠርዙ ስለሚዞረው የፎም ቀበቶ ቢያነጋግረው፣ ወጪውን እንካፈል እስከ ማለትም ቢደርስ ያዋጣዋል። የነዋሪዎች ማኅበር ያለበት ሕንፃ ደግሞ ወለል የሚቀይር ሁሉ ንጣፉን እንዲያስገባና ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት የማኅበሩ ሰው እንዲያየው በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሊያስገባ ይችላል።